ከመስታወቱ ላይ ያጎደልኩት ጸሎት

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ እጄ ግን ገና አልሰማም። ጠዋት ሻይ ስጠጣ ብርጭቆውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርጌ ሳዘነብለው ራሴን እይዛለሁ። ከሥሩ የሚቋጠር ነገር እንዳለ አያለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በላቦራቶሪ ጠብታ ሳወዛውዝ የኖርኩ ሰው ነኝና በአንዴ አይለቀኝም።

የሥራ ባልደረቦቼ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው ሲሉኝ ስለ ዝውውርና ስለ እርከን የምጽፍ መስሏቸው ይሆናል። እሱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ለንስሐ አባቴ ብቻ ነግሬው የኖርኩት አንድ ጥፋት አለ፤ ብዕር ያነሣሁት ለእሱ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። ኮርስ ጨርሼ ዕጣ ሳወጣ ኢሉባቦር ወጣልኝ። እናቴ «ስንት ቀን ያስኬዳል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ሁለት ቀን ስላት እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ቡሬ ጤና ጣቢያ ሠራሁ። ቀጥሎ ኡካ ተመደብኩ። ኡካ ያኔ መብራት ስላልነበረን የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ አዙረን ነበር ወባ የምንፈልገው፤ ክረምት ሲገባና ሰማዩ ለሳምንታት ሲደፈን ደግሞ ናሙናውን ቀለም ነክረን፣ አድርቀን፣ ፀሐይ ብልጭ እስክትል በር ላይ ቆመን እንጠብቅ ነበር። ቅጹ ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቁጥሩንና የበሽታውን ስም ቶሎ ተማርኩ። ወሬውን ግን አልቻልኩበትም፤ ሰው ሲሳሳቅ ዘግይቼ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ መቱ ተዛወርኩ። የላቦራቶሪውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለምና።

መቱ ላይ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ሸምሱ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከስልጤ መጥተው ከተማው ውስጥ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው ግን ከሱቁ ይልቅ መስታወት መረጡ። ኃላፊ ሆነው ሳለ ጠብታ የምንጥልባቸውን ትንንሽ መስታወቶች ራሳቸው ነበር የሚያጥቡት። ሰዓታቸውን ፈትተው ደረት ኪሳቸው ይከታሉ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ይሰበስባሉ፣ ሽታ ያለው ሳሙና አያስጠጉም። እያንዳንዱን መስታወት በጠርዙ ይዘው ወደ መስኮቱ ያነሡና እስትንፋሳቸውን ይሰጡታል። ጉሙ እኩል ካልተበተነ ቅባት አለው ማለት ነውና ይመልሱታል። ሲሰግዱም ሲሠሩም አስተጣጠባቸው አንድ ነበር። ስናነብ ከኋላችን ቆመው የሚሉት ነገር ቢኖር «የምትፈልጊውን ሳይሆን ያለውን ጻፊ» ነው።

ጊዜ ቆጠራን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጠብታ የሚያወዛውዝ ሰው ሁለት እጁ ተይዟል፤ ዓይኑንም ከጠብታው መንቀል አይችልም። የግድግዳው ሰዓት ከቆመ ቆይቷል። እሳቸው በአፋን ኦሮሞ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያሉ ይቆጥራሉ። እኔ ቁጥሩ መሀል ላይ ስለሚጠፋብኝ አባታችን ሆይን ደግሜ ልቁጠር አልኳቸው። አልሳቁም። ሰዓታቸውን አውጥተው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ድፍን ሁለት ደቂቃ። በሌላ ቀንም ለኩኝ፣ ያው ሁለት ደቂቃ። «ያንቺ ጸሎት ከእኔ ሰዓት አያንስም» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ያችን ነው እንደ ወርቅ የያዝኳት።

ሌሊሴ የመጣችው እኔ ቤቱን ከለመድኩ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የቡሬ ልጅ ናት፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች። እጇ የታዘዘውን አይስትም ነበር፤ አንድ ጠብታ ጣይ ስትባል አንድ ብቻ ትጥላለች። በሽተኞቹ እኔን አልፈው ወደ እሷ ወንበር ይሄዳሉ፤ እሷ ጋ ታሪካቸውን በቋንቋቸው ከመጀመሪያው ይነግሯታል፣ እኔ ጋ ያመማቸውን ቦታ በጣት ያሳያሉ። ጋሼ ሸምሱ ከእኔ ጋር ንግግራቸው አጭር ነበር። ከእሷ ጋር በአፋን ኦሮሞ ሲጀምሩ ግን ሳቃቸው ኮሪደሩ ላይ ይሰማል። መስኮት አጠገብ ያለውን ወንበር ለእሷ ሰጧት። እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ ግን እንደምፈልገው ማወቅ ነበረባቸው ብዬ ስንት ቀን ተብሰለሰልኩ።

ቀልደኛም ናት። አንድ ቀን ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ጀርሙን ቅዳሴ አስቆሙት እንዴ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ አዴ ጫልቱ ከቡሬ በጠዋቱ አውቶቡስ ይመጣሉ። ግማሽ ቀን ስለምንሠራ በሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል፤ ስትወጣ ፊቷን በነጠላቸው ጫፍ እንደ ሕፃን ይጠርጉላታል። ለእኔም ከጓሯቸው ጎመን አስረው ያመጡ ነበር። እጄን ዘርግቼ በትሕትና እቀበላለሁ፣ መንገድ ላይ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። የእኔ እናት ሁለት ቀን ርቃ፣ ዓይኗ እየደከመ፣ ብቻዋን ነበረች።

እንዲህ ባለ ልብ ላይ ነው ያ ጥናት የመጣው።

ከዩኒቨርሲቲ አንድ ወጣት ዶክተር መጡ። የሽንት ቧንቧ ሕመም በሴቶች ላይ እየተመላለሰ፣ መድኃኒቱም እየተለመደ አስቸግሯቸዋል። የነገሩንን እኔ እንደገባኝ ልጻፈው። ሕመሙን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዙሪያው ቀጫጭን ጸጉር አለው። በጸጉሩ ጫፍ ላይ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሥራው መያዝ ብቻ ነው። የፊኛችን ግድግዳ ሕዋሳት ላያቸው ላይ ማኖስ የሚባል ስኳር አላቸው፤ ፕሮቲኑ እሱን ጨብጦ ይጣበቃል። መጣበቅ ካልቻለ ሽንት ጠርጎ ያወጣዋል። እና ዶክተሩ የሚፈልጉት ጀርሙን የሚገድል ሳይሆን እጁን የሚያስለቅቀው ኬሚካል ነበር፤ ቀድሞ ገብቶ መዳፉን የሚሞላበት። ለዚህም ከሶር ፏፏቴ በታች ካለው ጫካ የሃያ ዓይነት ዕፅ ጭማቂ አዘጋጅተው፣ ቁጥር ሰጥተው አመጡ።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ያስደስተኝ የነበረውም ለዚሁ ነው። የዳቦ እርሾም ላዩ ላይ ያው ዓይነት ስኳር አለው። አንድ ጠብታ ባክቴሪያና አንድ ጠብታ እርሾ መስታወት ላይ ደባልቀን ስናወዛውዝ ጠብታው እንደ ተቋጠረ ወተት ይፈረፈራል፤ ተያይዘዋል ማለት ነው። ማኖስ ከጨመርንበት ግን ልስልስ እንዳለ ይቀራል። ጭማቂውን በመጀመሪያ ከባክቴሪያው ጋር እናቆየዋለን፣ ከዚያ እርሾውን እንጨምራለን። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተወዛውዞ ካልተቋጠረ «አግዷል» ተብሎ ይጻፋል። ያለ ምንም ጭማቂ የሚሠራው ማመሳከሪያ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ስለሚቋጠር እሱን አይተን ሥራው ልክ መሆኑን እናውቃለን።

ዶክተሩ የሚሠራ ሰው ሲጠይቁ ጋሼ ሸምሱ እኔ ፊት መለሱላቸው። «እጅ ከፈለጉ ሌሊሴ አለች። ጽጌ ደግሞ ጠንቃቃ ናት፣ መዝገብ ትያዝልዎ።» ዶክተሩ ግን ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንኑ ናሙና ለየብቻ እንድናነብ ወሰኑ። ሥራው ሲያልቅ ንባቧ የጸናላት አንዷ ለአንድ ዓመት ሥልጠና አዲስ አበባ እንደምትሄድ ተነገረን። ከአዲስ አበባ እናቴ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም እናት ይኖረኛል አልኩ። ሌሊት ተነሥቼ ሰገድኩ።

በዚያው ሳምንት መስታወቱን ይዤ ጸሎቴን ስጀምር አንድ ነገር ገጠመኝ። የበደሉንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ ቆመ። አጠገቤ ሌሊሴ ተቀምጣለች፣ ክንዷ ክንዴን ሊነካ ምንም አልቀረው። ልቤ እንደዚያ ሞልቶ ያንን ቃል ብል እግዚአብሔር ፊት መዋሸት ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ያንን ቦታ ትቼ በቀጥታ ወደ አሜን አለፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ። በሚቀጥለው ቀንም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም። ለነፍሴ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር። ከጸሎቱ ያጎደልኩት ከሰዓቱ እንደሚጎድል አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።

ማመሳከሪያው ፈጥኖ ስለሚቋጠር ምንም አላጋለጠኝም። ሰባት ቁጥር ናሙና ላይ ግን ተለያየን። የዕፁን ስም አልጽፍም፤ ሰው ሰምቶ እንዳይቀቅለው። እኔ «አግዷል» ብዬ ጻፍኩ። ሌሊሴ «ዘግይቶ ተቋጠረ» ብላ ጻፈች። ደጋገምን፤ እኔም ያው፣ እሷም ያው። ዶክተሩ ተጨነቁ። ተስፋ ያደረጉት ሰባት ቁጥር ላይ ነበርና የትኛዋን እንመን ብለው ጋሼን ጠየቁ። ጋሼ ሸምሱ ሁለቱንም ደብተር አገላብጠው፣ «ጽጌ ጊዜ ተሳስታ አታውቅም» አሉ።

ያችን ቃል ስንት ዓመት ጠብቄያት ነበር። ሌሊሴን አየኋት። ፊቷ ቀላ፤ «ያየሁትን ነው የጻፍኩት» ብቻ አለች። እኔ ደስ አለኝ። እንዳልዋሽ፣ በጣም ደስ አለኝ።

የሥልጠናው ደብዳቤ በስሜ መጣ። ለእናቴ በጎረቤት ስልክ ነገርኳት። ሻንጣ ገዛሁ። ሌሊሴ መልካም መንገድ ብላ መጥታ ሳመችኝ፤ ጉንጬን ሰጠኋት።

መሄጃዬ አሥር ቀን ሲቀረው ዶክተሩ ሰባት ቁጥርን ለማረጋገጫ ከላኩበት ትልቅ ላቦራቶሪ መልስ መጣ። ጭማቂው መያያዙን ያዘገየዋል እንጂ አያግደውም ይላል። ዶክተሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ሸምሱ ወንበሬ አጠገብ ቆሙ። ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተዋል። «ሰባት ቁጥርን ሥሪልኝ» አሉኝ። ጭማቂውን ከባክቴሪያው ጋር አቆየሁ፣ እርሾውን ጨመርኩ፣ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ሦስተኛው አሜን ላይ ስደርስ ጠብታው ልስልስ እንዳለ ነው። ቀና አልኩ።

«አግዷል፣ ጋሼ።»

«እጅሽን አታቁሚ።»

ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ በጠብታው ጠርዝ ላይ ነጫጭ ፍርፋሪ ታየ፤ ከዚያ መሀሉም ተቋጠረ። ሰዓቱን ወደ እኔ አዞሩት። ሁለት ደቂቃ ገና መሙላቱ ነበር። እኔ አሜን ያልኩት ደቂቃ ከሩብ ሲሆን ነበር።

«ጸሎትሽ አጥሯል፣ ልጄ» አሉኝ።

ለምን አጠረ ብለው አልጠየቁኝም። ሙስሊም ሰው ናቸው፣ የጎደለውን ቦታ አያውቁትም። መስታወቱን ከእጄ ወስደው ሊያጥቡት ሄዱ። የውሃው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ለዶክተሩ በእጄ ጻፍኩ፤ የቆጠርኩት ጊዜ ከታዘዘው በታች መሆኑን፣ የሌሊሴ ንባብ ትክክል መሆኑን፣ ደብዳቤውም ለእሷ እንደሚገባ። ምክንያቱን አልጻፍኩም። ጋሼ ሸምሱም ሰባት ቁጥር አግዷል ብሎ በስማቸው የወጣውን ዘገባ ስሕተት ነው ብለው በራሳቸው ፊርማ ሻሩት። ጡረታ ሊወጡ ዓመት የቀራቸው ሰው፣ የመጨረሻ ሥራቸው ያ ሆነ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሌሊሴ አዲስ አበባ ሄደች። በአምስተኛው ወር እናቴ አረፈች። ለቅሶው የተነገረኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ከመቱ ተነሥቼ ጅማ አድሬ ስደርስ ረቡዕ ማታ ሆኖ ነበር። እናቴ ተቀብራለች። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ መሀል ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችው ሌሊሴ ናት። ከመሥሪያ ቤት ደውለውላት ወዲያው ተሳፍራ ለቀብሩ ደርሳለች። ዘመዶቼ እጇን ይዘው፣ ልጇ እስክትደርስ ይቺ እንደ ልጅ ቆመችላት አሉኝ። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ትከሻዋ ላይ ሆኜ ያሰብኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ያለውን ልጽፍ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። እናቴ ላይ አፈር ሲመለስ አይታለች፣ እኔ አላየሁም፤ ይኼንንም ወሰደችብኝ አልኩ።

ሠልጥና ተመለሰች፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ኃላፊዬ ሆነች። ጋሼ ሸምሱ ሲሞቱ ያቺን ሰዓት ለእሷ ትተውላት ነበር። ለወንድ እጅ የተሠራች ናት፣ ማሰሪያዋን አስበስታ አጠበበችው። ቀረጥ የሌለበት ነገር ነው መቅናት፤ ያቺን ሰዓት በቀን ስንቴ እንዳየኋት እግዚአብሔር ይቁጠረው። በሥራ አልበደለችኝም። ፈቃድ ስጠይቃት እሺ ትላለች፣ ጾም ሲሆን ሥራ ታቀልልኛለች። ጸሎቴንም ከዚያ ቀን ወዲህ አጉድዬ አላውቅም፤ ያ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቃሉን በጥርሴ ይዤ ነበር የማሳልፈው።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ዓርብ ነበር። አሁን ብዙውን ነገር ማሽን ያነበዋል። ሌሊሴ ግን መስታወት፣ እርሾና ባክቴሪያ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። «አንድ ጊዜ ይሥሩልኝ፣ እትዬ ጽጌ» አለች። ሰዓቷን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ማኖስ የተጨመረበትን ነበር ያቀረበችልኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩ፣ አሜን አልኩ። ጠብታው ልስልስ ብሎ ቀረ።

«ሁለት ደቂቃ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ዛሬ አልዘለሉም።»

እጄ ቆመ። «ምኑን?» አልኳት፣ እያወቅሁት።

«አጠገብዎ ነበር እኮ የተቀመጥኩት። እኛም ቤት ያ ጸሎት ይጸለያል፣ በአፋን ኦሮሞ ይሁን እንጂ። የት ቦታ እንደሚዘሉ እሰማ ነበር። ጋሼን ሰዓት ይዘው ይቁሙ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። የዘለሉትን ቦታ ግን አልነገርኳቸውም።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ይቅርታ እንዳልጠይቅዎ የበደልኩዎትን አላወቅኩትም።»

በዚህም በለጠችኝ አልኩ በልቤ። ይህን ሁሉ ዓመት አውቃ፣ ችላ፣ ኃላፊዬም ሆና አንድ ቀን ፊቴ ላይ አላነሣችውም። እኔም የበደለችኝን ፈለግሁ። ወንበሩን አልጠየቀችም፣ ተሰጣት እንጂ። ሰዓቱም እንዲሁ። ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው።

«እናትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር» አልኳት።

አየችኝ። «ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

መስታወቱን ወስዳ በጋሼ ሸምሱ አስተጣጠብ አጠበችው፣ ወደ መስኮቱ አንሥታም እስትንፋሷን ሰጠችው። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «ነገ ቅዳሜ ነው» አለች። «አሁን እናቴ መንገድ አትችልም፣ የምሄደው እኔ ነኝ። አብረን እንሂድ።»

ሄድን። አዴ ጫልቱ በራቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፄን ሲሰሙ ግን ወዲያው አወቁኝ። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ፣ ፊቴን በነጠላቸው ጫፍ ዳበሱት። ከዚያ በአፋን ኦሮሞ ጠየቁኝ፤ አሁን ዘግይቼ አይደለም የሚገባኝ።

«ያ የማመጣልሽ ጎመን እንዴት ነበር? ይጣፍጥ ነበር?»

ሌሊሴ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ቤት ልዋሽ አልቻልኩም።

«አልቀመስኩትም፣ አዴ» አልኳቸው። «አንዱንም ቀን።»

አሮጊቷ ልጃቸውን ቢላዋ እንድታቀብላቸው ነገሯት፣ ክንዴን ተደግፈው ተነሡ፣ እኔን እየመሩ ወደ ጓሮ ወጡ።